ከል ያልወለቀለት ድምፅ

ቀይ አፋፍ ከተማ ውስጥ ዝም ብሎ የሚሠራ ሰው ወይ ታሟል ወይ ተኳርፏል ይባላል። ቧንቧ የሚበይደው እየበየደ፣ ሽንኩርት የምትኮተኩተው እየኮተኮተች ታወራለች፤ «ይችን ሩብ ዙር አጠበቅኳት፣ አሁን እንፋሎቱ ቀነሰ» እያሉ። ግድግዳው ይሰማል፤ የሰማውንም ወስዶ ጎተራ ውስጥ ይከተዋል። ጎተራ የሚሉት የከተማውን ዕውቀት ሁሉ በድምፅ የሚያጠራቅመውን ማሽን ነው። የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ከምድር ሲመጡ እጃቸው ከወፍራም ጓንት ወጥቶ ስለማያውቅ መጻፍ አልተመቻቸውም፤ አፋቸው ግን ሥራ ፈት ነበር። ስለዚህ ማርስ ላይ ያወቁትን ሁሉ በወሬ አስቀመጡት። ወሬ ወዳድነት አንድ ጊዜ እንኳ ለቁም ነገር ዋለ ማለት ነው።

ማስቀመጡ ቀላል ነው፤ ጣጣው ማግኘቱ ላይ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲያወራ ከኖረ ከተማ ውስጥ አንዲት ቁም ነገር ነቅሶ ማውጣት የራሱ ሙያ አለው። ሙያተኛው ፈላጊ ይባላል። እናኑ ደርሶ ፈላጊ ናት፤ ጆሮዋ ሹል፣ ግትርነቷም ባሏ ለጓደኞቹ የሚያወራላት ዓይነት።

የዚያን ዕለት ጠዋት የምትፈልገው ነገር የገዛ ጉዳይዋ ነበር። ባሏ ቡልቻ የበረዶ ጉድጓዱ ኃላፊ ነው። ከተማው የሚጠጣውም የሚተነፍሰውም ከዚህ ጉድጓድ ነው፦ ከቀዩ አፈር ሥር የተኛውን በረዶ በጋለ ቧንቧ ያቀልጡታል፣ ውሃውን በፓምፕ ይስቡታል፣ ከውሃው ደግሞ ኦክስጅን ያወጣሉ። ሰሞኑን ፓምፑ እየጮኸ የሚያወጣው ውሃ እያነሰ ሄዶ ትናንት ጨርሶ ቆመ። እነ ቡልቻ ሙቀቱን ጨመሩ፤ ባሰበት። እንደገና ጨመሩ፤ ጭራሽ ባሰበት። በመጨረሻ ቡልቻ «የጉድጓዱ ግድግዳ ተንዶ አፉን ዘግቶታል» አለና ድማሚት ይዞ ሊወርድ ወሰነ። እዚያ ጥልቀት ድማሚት ይዞ የወረደ ሰው የመመለሱ ነገር ያጠራጥራል። ይህን ቡልቻም ያውቃል፣ እናኑም ታውቃለች፤ ቁርስ ላይ ግን ሁለቱም ስለ ጎረቤታቸው አዲስ ምንጣፍ ነበር ያወሩት።

ከበሩ ሊወጣ ሲል ነው እጁን የያዘችው።

«እስከ ቀትር ጠብቀኝ።»

«ከቀትር ካለፈ የማጠራቀሚያው ውሃ አይበቃንም፣ እናኑ።»

«እኔስ ምን አልኩህ? እስከ ቀትር ነው ያልኩህ።»

ተስፋ ያደረገችበት ምክንያት ነበራት። የከተማው ነባር ሰዎች ጉድጓዱ ከዚህ በፊትም አንድ ጊዜ ታንቆ እንደነበረ ያስታውሳሉ። «ታነቀ፣ ከዚያ ዳነ» ይላሉ። እንዴት እንደዳነ ሲጠየቁ ግን እርስ በርስ ይተያያሉ። ሁሉም ነገር ጎተራ ውስጥ አለ ብሎ የሚያምን ሰው ራሱ ምን ብሎ ያስታውሳል?

እናኑ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ጆሮ ማዳመጫዋን ሰካች።

«ጉድጓድ» አለች።

«ሁለት መቶ ሺህ የሚጠጋ ወሬ አለኝ» አለ ጎተራ። «ከየት ልጀምር?»

ጎተራ ቢለምኑት አይሰማ፣ ቢቆጡት አይደነግጥ። የሚገባው ወንፊት ቃላት ሲሰጡት ነው። «ከነ» ካሉት ሁለት ነገሮች አንድ ላይ የተነሱበትን ብቻ ያመጣል። «ያለ» ካሉት የማይፈልጉትን አራግፎ ይጥላል። «ልክ» ካሉት ቃል በቃል ያንኑ ብቻ ይሰጣል። «አጠገብ» ካሉት ደግሞ አንዱ ከሌላው ብዙ ሳይርቅ የተባለውን ይለቅማል። ቃላቱን ማንም ሕፃን ያውቃቸዋል። እንዴት እንደሚሰካኩ ማወቅ ነው ሰውን ፈላጊ የሚያደርገው።

«ጉድጓድ ከነ መታነቅ።»

አንድ ሺህ ያህል መጣ። ጥቂቱን ብታዳምጥ ግማሹ ጉድጓዱ ዳር ምሳ ሲበሉ የታነቁ ሠራተኞች ወሬ ነው።

«ያለ ምሳ።»

ወሬው ወደ ጥቂት መቶ ወረደ። አሁንም የሚበዛው ቀልድና እርግማን ነበር።

«ልክ፦ ጉድጓዱ ታነቀ።»

አሁን ፍሬው ቀረ። ሁሉም የተባለው በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው፤ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት። አንዲት ሴት «ጉድጓዱ ታነቀ አሉ፣ ምን ሊውጠን ነው» ትላለች። አንድ ሽማግሌ «ወደ ምድር መልሱን» እያለ ይነጫነጫል። ከዚያ በሦስተኛው ቀን ልጆች «ውሃ መጣ፣ ውሃ መጣ» እያሉ ሲሮጡ ይሰማል። ታመመ የሚል አለ፤ ዳነ የሚል አለ፤ ሲያድነው የተሰማ ሰው የለም።

እናኑ መሐሉን ገልብጣ ገላብጣ ፈለገችው። «ቧንቧ ወይም ፓምፕ» አለች፤ ምንም። «ሙቀት ከነ ጉድጓድ» አለች፤ ምንም። ሰዓቷን አየች። ቡልቻ አሁን የመውረጃ ልብሱን እየለበሰ ይሆናል። ጥርሷን ነክሳ ዓይኗን ጨፈነች።

ወሬኛ ከተማ ነው፤ በዚያ ሳምንት ጉድጓዱን ያዳነ ሰው ዝም ብሎ አልሠራም። አውርቷል። ንግግሩ ካልተገኘ እንግዲህ የሚፈለገው ንግግሩ ሳይሆን ቦታው ነው። ሰው ከሰው ጋር ነው የሚሠራው፤ አንዱ ሲያዝዝ ሌላው ይመልሳል። የአዛዡ ድምፅ ቢጠፋ የመላሹ ይቀራል።

«በዚያ ሳምንት፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ» አለች ቀስ ብላ። «እሺ፣ ያለ ትዕዛዝ አጠገብ።»

ማንም ምንም ሳያዝዘው «እሺ» ያለ ሰው አምጣልኝ ማለቷ ነው። ጎተራ እንዲህ ያለ ነገር ተጠይቆ አያውቅም መሰለኝ፣ ትንሽ ዘገየ።

«አንድ አለኝ» አለ።

የሴት ድምፅ ነበር። «እሺ» አለች፣ ከዚያ ዝምታ። «ዘጋሁት።» ዝምታ። «ኧረ ይቀዘቅዛል።» ረዥም ዝምታ። «እሺ፣ ዝም እላለሁ።» ከዚያ፣ ምንም የሚያስቅ ነገር ሳይሰማ፣ ከልቧ ሳቀች።

እናኑ ድምፁን አወቀችው። ሳቁን ግን በሕይወቷ ሰምታው አታውቅም። እትዬ ዘነበች ናቸው፤ ከእነሱ ቤት ሦስት በር አለፍ ብሎ የሚኖሩት፣ ጥጥ ማብቀያው ውስጥ የሚሠሩት፣ ሁልጊዜ ጥቁር የሚለብሱት ሴት። ባለቤታቸው ጋሽ ታረቀኝ ይህን ጉድጓድ የቆፈሩ ሰው ነበሩ። ጉድጓዱ በዳነ በወሩ የአየር መዝጊያ በር ተበላሽቶባቸው ሞቱ።

«ታረቀኝ» አለች እናኑ።

«ምንም የለኝም» አለ ጎተራ።

ጉድጓዱን ከመጀመሪያው ዕለት ጀምሮ የቆፈረ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ያወራ ሰው ምንም የለውም? እናኑ ማዳመጫዋን አወለቀች። ገባት፤ ሲገባት ደግሞ ፊቷ ጋለ።

ይህ ከል ነው። ቀይ አፋፍ ላይ ሰው ሲሞት ሐዘንተኛው ጥቁር ይለብሳል፣ ጎተራም የሟቹን ድምፅ ይሸፍናል። ግድግዳው ሁሉ በሚናገርበት ከተማ፣ አንዲት ሴት ልብሷን እያጠበች ሳለ ጎረቤት ለጠየቀው ጥያቄ የባሏ ድምፅ ድንገት ቢመልስ ምን ትሆናለች? መሥራቾቹ ይህን አስበው ነው የደነገጉት። ተሸፍኗል ማለት ራሱ ማስታወስ ነውና ጎተራ የማን ድምፅ እንደተሸፈነ እንኳ አይናገርም፤ «የለኝም» ይላል፣ በቃ። የሚወልቀውም ልክ እንደ ጥቁሩ ልብስ ነው። ሐዘንተኛ በገዛ እጁ ጥቁሩን አያወልቅም። ዓመቱ ሲሞላ ቢያንስ ሁለት ጎረቤቶች ቤቱ ይሄዳሉ፣ «ይበቃል፣ አውልቅ» ይሉታል፣ ሌላ ልብስ ያለብሱታል። ያኔ እሱ «ከሉ ይውለቅ» ሲል ጎተራ ይታዘዛል። የከተማው አስተዳዳሪ እንኳ ሊያስገድደው አይችልም።

የእትዬ ዘነበች ከል በዓመቱ ወልቋል ብሎ ያላመነ ሰው ከተማው ውስጥ አልነበረም። እናኑ ራሷ አምናለች። ጥቁሩን የሚለብሱት ስለወደዱት ነው ትል ነበር።

ሮጣ ጉድጓዱ አፍ ስትደርስ ቡልቻ የመውረጃ ልብሱን እስከ አንገቱ ለብሶ፣ ድማሚቱን ወገቡ ላይ እያሰረ ነበር።

«አውልቀው» አለችው።

«ምን አገኘሽ?»

«ጋሽ ታረቀኝን። ከል ላይ ናቸው። ና፣ ሁለት ሰው ያስፈልጋል።»

ቡልቻ ግራ ገብቶት አያት። «የእትዬ ዘነበች ከል? ማህበሩ አላስወለቃቸውም እንዴ?»

«የእናንተ እድርስ?»

ነገሩ ሲታሰብ ያስቃልም ያሳፍራልም። የሴቶቹ ማህበር ሙት ዓመትን የሚቆጥረው በምድር ዓመት ነው፤ የጉድጓድ ሠራተኞች እድር ደግሞ በማርስ ዓመት፣ እሱም የምድሩን እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። የምድሩ ዓመት ሲሞላ ማህበሩ «ሰውየው የእድሩ ናቸው፣ እነሱ ይቅደሙ» ብሎ ጠበቀ። የማርሱ ሲሞላ እድሩ «ሴቶቹ እስካሁን መቼ ይቀራሉ» ብሎ ተወው። እትዬ ዘነበች ማርስ ላይ ዘመድ የሚባል የላቸውም። በኋላ የጠረጠረም ካለ ይሉኝታ ያዘው፤ ይህን ያህል ዘግይቶ በምን ፊት ይኬዳል? እንዲህ እየተከባበሩ አንዲትን ሴት አሥራ አንድ ዓመት በጥቁር አስቀመጧት።

ቡልቻ ድማሚቱን ፈታ። ለረዳቶቹ «ሳልመለስ ማንም አይውረድ» አለና ተከተላት።

እናኑ ከቤት አንድ ነጠላ ይዛ ወጣች፤ ጥለቱ አረንጓዴ የሆነ፣ አንድ ቀን ብቻ የለበሰችው። በመንገድ ላይ የምትለውን ስታሰላስል ቆይታ እትዬ ዘነበች በር ላይ ስትደርስ ሁሉም ጠፋባት። አንኳኳች።

እትዬ ዘነበች ከፈቱ። መጀመሪያ የእናኑን ፊት አዩ፣ ቀጥሎ የቡልቻን። ከዚያ ዓይናቸው ነጠላው ላይ አረፈና እዚያው ቀረ።

«ጥቁሩን ሊያወልቁ ይገባል፣ እትዬ» አለች እናኑ። «ይበቃል ልንልዎ ነው የመጣነው።»

ሴትዮዋ የበሩን ጠርዝ ያዙ።

«ጉድጓዱ ታንቋል አሉ» አሉ።

«አዎ።»

«ውሃ ባይቸግራችሁ ኖሮ ትመጡ ነበር?»

ቡልቻ እንዲህ ባለ ጊዜ የሚባል ለስላሳ ነገር ሊል ነበር። እናኑ ቀደመችው።

«አንመጣም ነበር» አለች። «የሄደ ሰው አለ ብለን ሁላችንም ተቀመጥን። አፍሬያለሁ። ዛሬም የመጣሁት ባሌ ድማሚት ይዞ ሊወርድ ስለሆነ ነው። ከፈለጉ ያባሩን፤ ግን ነጠላውን ይቀበሉኝ።»

እትዬ ዘነበች ከበሩ ገለል አሉ።

«ሌላ ነገር ብትይኝ ኖሮ በሩን እዘጋው ነበር» አሉ። «ግቡ፣ ልጆቼ።»

ቤቱ ጠባብና ንጹሕ ነው። በሩን ፊት ለፊት የሚያይ አንድ ወንበር አለ፤ ትራሱ ተጎድጉዷል። እናኑ እዚያ ስንት ምሽት እንደተቀመጡ ለመገመት አልደፈረችም።

«ያን ዕለት ከጋሽ ታረቀኝ ጋር ነበሩ፤ እርስዎ ላይ፣ እሳቸው ታች» አለች። «የዘጉት ምንድን ነው?»

«ዘጋሁ። ከፈትኩም። ያኔ እዚያ ስንት መዝጊያ ነበር መሰለሽ፤ ይኼን ሲለኝ ይኼን፣ ያንን ሲለኝ ያንን። እጄ ምን እንደሠራ የሚያውቀው እሱ ነበር።» አቀርቅረው ጥቁሩን ሻሽ ፈቱ። «ሰው የሚከብደኝ የድምፁ ነገር ይመስለዋል። ድምፁንስ ለምጄ ተውኩት። እኔ ስጠብቅ የኖርኩት በሩ እስኪንኳኳ ነው።»

እናኑ እንባዋ መጣ። ቡልቻ ነው ነጠላውን ወስዶ፣ በእነዚያ ብረት ብቻ በሚያውቁ እጆቹ፣ ትከሻቸው ላይ ያስተካከለው። «ይበቃል፣ እትዬ» አለ። «ይበቃል» አለች እናኑም።

እትዬ ዘነበች ወደ ግድግዳው ዞሩ።

«ከሉ ይውለቅ» አሉ።

«ወልቋል» አለ ጎተራ።

እናኑ የጠዋቱን ጥያቄ ደግማ ጠየቀች። ከዚያ ያው ቀን፣ ያው ሰዓት፣ ያው ጉድጓድ አፍ ሆነ፤ አሁን ግን ዝምታው ሞላ።

«ዘነቡ፣ ትሰሚኛለሽ? የማሞቂያውን ዝጊው፤ ቀዩን።»

«እሺ። ዘጋሁት።»

«ሁሉም እንደሚሉት ናዳ አይደለም። በራሱ እንፋሎት ነው የታነቀው። ውሃ አነሰ ብለን ሙቀት ጨመርን፣ እንፋሎቱ ቧንቧው ውስጥ ተወጥሮ ውሃውን አላሳልፍ አለ። ስናሞቀው ነው የምናንቀው። ሲበርድ ወደ ውሃነቱ ይመለሳል፣ መንገዱንም ይለቃል።»

«ኧረ ይቀዘቅዛል።»

«አይቀዘቅዝም፤ ሥሩ ገና ትኩስ ነው። ፓምፑንም አጥፊው። እጅሽን ቧንቧው ላይ አሳርፊ፤ የማያቃጥልሽ ሲሆን ፓምፑን ቀስ አድርገሽ አስነሺ። እስከዚያ አትነካኪው፣ ዝም ብለሽ ጠብቂ።»

«እሺ፣ ዝም እላለሁ።»

«አንቺ? ዝም? ይኼን ጎተራ መዝግቦልኛል፣ ለምስክር ይጠቅመኛል።»

ግድግዳው ውስጥ ያለችው ዘነበች ሳቀች። ክፍሉ ውስጥ ያሉት እትዬ ዘነበችም ሳቁ፤ በነጠላው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ ያንኑ ሳቅ።

ቡልቻ ግን ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። እዚያ በተወጠረ እንፋሎት ላይ ነው ድማሚት ይዞ ሊወርድ የነበረው። የእናኑን እጅ ያዘ፤ አጥብቆ ነው የያዘው።

ሦስቱም ወደ ጉድጓዱ ሄዱ። ቀዩ ማሞቂያ ሲዘጋ ከረዳቶቹ አንዱ «ልትጨርሱን ነው?» አለ፤ የሚያደርጉት ሁሉም ከሚያውቀው የተገላቢጦሽ ነበርና። ቀትር መጣ፣ አለፈም። የማጠራቀሚያው መርፌ ወደ ቀዩ መስመር ወረደ። ወሬኛው ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ። እትዬ ዘነበች ቧንቧው አጠገብ ቆመው በየጊዜው መዳፋቸውን ያሳርፋሉ፣ ራሳቸውን ነቅንቀው ያነሳሉ። አንድ ጊዜ ቡልቻ እጁን ወደ ፓምፑ ሲዘረጋ በጥፊ መለሱት። በመጨረሻ መዳፋቸውን አሳረፉና ሳያነሱት ቀሩ።

«አሁን» አሉ። «ቀስ አድርገህ።»

ፓምፑ ተንገራገጨ፣ አቃሰተ፣ ጸጥ አለ። ከዚያ ከሩቅ ከታች አንድ ነገር ተንኮለኮለና ውሃው መጣ።

ከተማው ሲጨፍር እናኑ ወደ ወንበሯ ተመለሰች። አንድ ነገር ጆሮዋ ውስጥ ሲያቃጭል ውሎ ነበር። ማዳመጫዋን ሰካች።

«ከተማውን በሙሉ» አለች። «ዓመት ያለፈው ሁሉ። እሺ፣ ያለ ትዕዛዝ አጠገብ። ወይም ሳቅ፣ ያለ ቀልድ አጠገብ። ወይም መልስ፣ ያለ ጥያቄ አጠገብ።»

ጎተራ ይህን ጊዜ ብዙ ዘገየ። ከዚያ ድምፆቹ አንድ በአንድ መጡ። አንድ ወጣት አቀንቃኝ በሌለው ዘፈን ውስጥ የተቀባዩን ድርሻ ብቻ ይዘፍናል። አንዲት ሴት «አቤት እማዬ» ትላለች፣ የጠራት ግን የለም። አንድ ሽማግሌ ማንም ሳይከራከረው በቁጣ ይከራከራል። አንዳንዶቹን ታውቃቸዋለች። በየቀኑ ሰላም የምትላቸው ሰዎች ናቸው።

«እናኑ» አለ ጎተራ፣ ሳይጠየቅ ሲናገር ብርቅ ነው። «ይህን መፍታት ቀላል ነው። ከተማው ከተስማማ፣ ከል ሁሉ ዓመት ሲሞላው በራሱ እንዲወልቅ ላድርገው? ማንም መሄድ አያስፈልገውም።»

እናኑ የእትዬ ዘነበችን ወንበር አሰበች፣ ትራሱ የተጎደጎደውን።

«አይሆንም» አለች። «ቤታቸውን ብቻ ንገረኝ።»

ጎተራ ምክንያቱ እንዲገባው ጠየቀ። ምክንያቱን ሊያስረዳው የሚችል ወንፊት ቃል ግን አላገኘችለትም። ማዳመጫዋን አውልቃ፣ ቤት ያላትን ነጠላ ሁሉ ጠቅልላ፣ ቡልቻን ጠርታ ወጣች። እትዬ ዘነበች በአረንጓዴ ጥለት ነጠላቸው ኮሪደሩ ላይ ይጠብቋቸው ነበር። የመጀመሪያውን በር ያንኳኩት እሳቸው ናቸው።